አንዲት ብይ

በእኛ አገር ድምፅ የሚሰጥ ሰው፣ እውነትም ድምፅ ይሰጣል፤
ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ፤ አንዲት የመስታወት ብይ ይቀበላል፣
ከመጋረጃው ኋላ የተደረደሩትን በርሜሎች ያያል፣
በቀዳዳው ሲለቃት ውስጥ ያለው ቃጭል ቅጭል ይላል።
አንዴ ብቻ። ሁለቴ ካለ ዘበኛው ከወንበሩ ይነሣል።
በምርጫ ቀን ብስክሌት እንኳ ደወሉን ውጦ ያልፋል።

እኔ ዛጎል ለቃሚ ነኝ፤
የጋምቢያ ወንዝ ባሕር ሊሆን ሲል፣ ቤቴ አፉ ላይ ነው፤
መዳፌን ስለት ጽፎበታል፣ ማንም የማያነበው።
አንዲት ሴት አነበበችው።
በዝናቡ ወር መጣች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃው እስከ ባቷ፤
ትወዳደራለች አሉ፤ መምህርት ነበረች፣ ጂኦግራፊ ነው ትምህርቷ።
ንግግር አላደረገችም፤ ድምፅ ማጉያው ባትሪ ጨርሷል፤
እጄን ገልብጣ አየችና «ጓንት የላችሁም?» አለች።
ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለም፤ አልፏል።

ሌሎቹ ሩዝ አመጡ፣ ዘይት፣ ካናቴራ፤
ባሌ ሳንኩንግ ዛሬም ለብሶታል፣ የአሸናፊው ፊት ሆዱ ላይ ሲያበራ።

ማታ ተቆጠረ፣ በፋኖስ፣ በሕዝብ ፊት፤
ብዮቹን ገበጣ በመሰለ ሰሌዳ፣ በየጉድጓዱ አስተኟቸው እንደ ሕፃናት።
የአሸናፊው ሰሌዳ ሞላ፤ ሌላ ተጨመረ፤ ደግሞ ሌላ።
የእሷ ሮዝ በርሜል ሲገለበጥ አሸዋ ፈሰሰ፤ ከአሸዋው ኋላ
አንዲት ብይ ወጣች።
አንዲት።
ከጠረጴዛው ልትወድቅ ስትል አንድ ልጅ ሮጦ ያዛት፤
ሕዝቡ ሳቀ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁባት።

ስንት ሰው ነው ግን ድምፁን በዓይኑ የሚያየው?
የሳንኩንግ ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዷ ናት፤ የቷ እንደሆነች ማን ይለያል፣ እሱስ ቢሆን የት ያውቀው።
የእኔዋ ያቻት፤ በባዶ ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ
ፋኖሱን ብቻዋን የምትጠጣ።
አፈርኩ። ደግሞ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ አማረችኝ፤
ልጅ ሆና የጠፋች ዘመዴ መስላ ታየችኝ።

«የንፋማራ ናት!» አሉ። «ከእሱ ሌላ ማን አለ?»
የሴትየዋ ታዛቢ እሱ ነዋ፤ በፀሐይ ደረቅ ዳቦ እያኘከ የዋለ።
ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት፤ «ታማኝ ሰው! ብቻህን እንኳ ብትቀር!»
ፈገግ አለ። ዓይኑ ግን በየፊታችን ይዞር ነበር፤
ያን ጊዜ ነው እኔም ከቆጣሪዎቹ ዘግይቼ የቆጠርኩት፦
የእሱ ብትኖርበት
ሁለት ይሆኑ ነበር።

አልጋ ላይ ሳንኩንግ «ደስ አላለሽም?» አለኝ።
«ደስ ብሎኛል» አልኩት። ግማሹ እውነት ነው፤ የእሱ ሳቅ ያስቀኛል።
ያሸነፈው መንገዱን ከሠራ እኔም እሄድበታለሁ፤
ዛጎሌ ሳይሸት ገበያ ከደረሰ እኔም አመሰግናለሁ።
ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ጆሮዬ ውስጥ ቃጭል አለ፤
እዚያ ማዶም ንፋማራ፣ ይመስለኛል፣ ጣሪያ ሲያይ ዋለለ።

በሦስተኛው ቀን ውኃው ሲሸሽ ወደ ዳርቻው መጣ።
«ሦስት ኩባያ» አለ፤ ሒሳቡን በእጁ ጨብጦ፣ ነገር ግን ሳያወጣ
የሙሱከባን እጅ አየ፣ የኛሊንን፣ የእኔን።
የሁላችንም ጣት በቀለም ጠቁሯል፤
ቀለሙ መናገርሽን እንጂ ያልሽውን አያወጣም፣ ምስጢር ያውቃል።

ሦስት ኩባያ ሰፈርኩለት።
ከዚያ አንዲት ዛጎል ጨመርኩ፤ አንዲት፤ ከነልባሷ፣ ያልተፈለፈለች።
«ይቺ ምንድን ናት?»
«ምራቂ» አልኩት።
የቆርቆሮ ባልዲው ውስጥ ስትወድቅ ቅጭል አለች።
ቀና ብሎ አየኝ፤ ረጅም። ገንዘቡን ሰጠኝ፤ አምስት ዳላሲ ይተርፋል፤
መልሱን ሳልሰጠው ሄደ፤
ውኃው ደግሞ መመለሻው ደርሷል።